ስምንት እኩል ኳሶች፦ ፕላኔቶችን በእጅ መመዘን

ቅዳሜ፣ እቅዱ

ሥራው ሲነገር አጭር ነው። ስምንት የፕላስቲክ ኳሶች፣ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ነጭ። የሚለያዩት በክብደት ብቻ ነው። ሜርኩሪ የተባለው ኳስ፣ ሜርኩሪ እንዳለ ተዋህዶ አንድ ወጥ ቢሆንና ከሱ አንድ ኳስ ሙሉ ቢቀዳ የሚመዝነውን ያህል ይመዝናል። የጁፒተሩም፣ የሳተርኑም እንደዚያው።

ለሳይንስ ክበባችን ልጆች ነው። የክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ እንደ ሁሉም ቦታ፣ የፕላኔቶች ሥዕል ተለጥፏል። ጁፒተር ገጹን ሞልቶታል፣ ሜርኩሪን ለማየት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ከሥዕሉ የሚገኘው መጠን ብቻ ነው፤ ልጆቹም መጠኑን በቃላቸው ይዘውታል። እኔ ግን ስለ አንድ ፕላኔት አንድ ቁጥር ብቻ ምረጪ ብባል የምመርጠው እፍግታውን ነው። በአንድ ልክ ቦታ ውስጥ ምን ያህል ነገር ታጭቋል? ውስጡ ብረት ይሁን ድንጋይ፣ በረዶ ይሁን ጋዝ፣ መጀመሪያ ወሬውን የሚያመጣው ይሄ ቁጥር ነው። ቆፍሮ ያየ የለም። የራሳችንን መሬት እንኳ ሰው በጥልቀት የቆፈረበት ቦታ፣ ሩሲያ ውስጥ ኮላ የሚባለው፣ 12 ኪሎሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ቆሟል። እስከ መሃሉ ደግሞ 6,371 ኪሎሜትር ነው።

ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ባስተምር አንድ ሳምንት አይቆይም። በእጅ የተያዘ ነገር ግን አይረሳም ብዬ ነው ይሄን የጀመርኩት።

እሁድ፣ ሒሳቡ

ኳሶቹ የልጆች መጫወቻ ናቸው፣ ሱቅ በደርዘን የሚሸጡት። ይዘታቸውን ለማወቅ ጆግ እስከ አፍ ገደፉ ውሃ ሞልተን አንዱን በጣት ደፍቀን አሰጠምነውና የፈሰሰውን ለካን። 250 ሚሊ ሊትር ማለት ይቻላል። አግድመታቸው 8 ሴንቲሜትር ትንሽ ይጎድለዋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የእያንዳንዱን ፕላኔት እፍግታ በ250 ማባዛት ነው። የውሃ እፍግታ 1 ስለሆነ፣ ውሃ ብቻ የተሞላ ኳስ 250 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ይሄን ልብ በሉ፣ በኋላ ይፈለጋል።

ሜርኩሪ 5.43፣ ኳሱ 1,358 ግራም።
ቬነስ 5.24፣ 1,310 ግራም።
መሬት 5.51፣ 1,378 ግራም።
ማርስ 3.93፣ 983 ግራም።
ጁፒተር 1.33፣ 333 ግራም።
ሳተርን 0.69፣ 173 ግራም።
ዩራነስ 1.27፣ 318 ግራም።
ኔፕቱን 1.64፣ 410 ግራም።

ዝርዝሩን ሰሌዳ ላይ ስጽፈው አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ጁፒተር ጋ ዜሮ ረስተዋል።» አልረሳሁም። ጁፒተር በጠቅላላ ክብደቱ የመሬትን 318 እጥፍ ነው፣ ሌሎቹ ሰባቱ ፕላኔቶች ተደምረው እንኳ ግማሹን አያክሉም። እኩል ቆርሰህ ስትይዘው ግን ከመሬት ቁራሽ ሩቡን እንኳ አይደርስም። ክፍሉ ተንጫጫ። ይሄ ጫጫታ ነው የሚፈለገው።

ማክሰኞ፣ ጁፒተርን ማን መዘነው?

ዛሬ ኳስ አልነካንም። ጥያቄ ተነሳና እሱ ላይ ቀረን፦ ሰው ሄዶ ያልረገጠውን፣ የሚረገጥ መሬትም የሌለውን ፕላኔት በምን ሚዛን አስቀመጡት?

ሚዛኑ ጨረቃ ነች። ጋሊሊዮ በጥር 1610 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) መነጽሩን ወደ ጁፒተር ሲያዞር አራት ጨረቃዎች አየ። ከአራቱ ለጁፒተር የቀረበችው አዮ ትባላለች። ከጁፒተር መሃል 421,700 ኪሎሜትር ርቃ ትዞራለች። የኛ ጨረቃ ከመሬት ያላት ርቀት 384,400 ኪሎሜትር ነው። እዩት እንግዲህ፣ ርቀታቸው ተቀራራቢ ነው። የኛዋ አንድ ዙር ለመጨረስ 27.3 ቀን ይፈጅባታል። አዮ በ1.77 ቀን ትጨርሳለች! እንዲህ እየከነፈች ሳታመልጥ የቀረችው የሚይዛት ጉልበት እጅግ ብርቱ ስለሆነ ነው፤ ያ ጉልበት ደግሞ የሚመጣው ከጁፒተር ክብደት ነው።

ሒሳቡን ልጆቹ ራሳቸው በስልካቸው ካልኩሌተር ሠሩት። የኒውተን ሕግ የሚለው፣ ርቀቱን ሦስት ጊዜ አባዝተህ፣ የዙሩን ጊዜ ሁለት ጊዜ አባዝተህ፣ ፊተኛውን ለኋለኛው ስታካፍል መሃል ላይ ያለው አካል ክብደት ይወጣል ነው። እኛ የምንፈልገው ከመሬት ጋር ማወዳደር ስለሆነ የማይለወጡትን ቁጥሮች መጣል ይቻላል። የጊዜው ንጽጽር 27.3 ሲካፈል ለ1.77፣ ወደ 15.4፤ በራሱ ሲባዛ ወደ 238። የርቀቱ ንጽጽር 1.097፤ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1.32። ሁለቱ ሲባዙ 314።

መጽሐፍ ላይ ያለው 318 ነው። «አራቱስ የት ሄደ?» አለች ከኋላ የተቀመጠችው፣ እሷ ምንም አታሳልፍም። መልሱ ደስ የሚል ነው። የኛ ጨረቃ ቀላል አይደለችም፣ የመሬትን አንድ 81ኛ ትመዝናለች። ስለዚህ ከኛ ጨረቃ ዙር የሚወጣው የመሬት ብቻ ሳይሆን የመሬትና የጨረቃ ድምር ነው። 314ን ለ81 አካፍለን ውጤቱን እላዩ ላይ ስንጨምር 318 ላይ ቁጭ አለ። እኔ ራሴ በእጄ እስክሠራው ድረስ እንዲህ ይገጥማል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

የቀረው ቀላል ነው። ጁፒተር ሆድ ውስጥ ከ1,300 በላይ መሬቶች ይገባሉ፣ ተቀራራቢው ቁጥር 1,321 ነው። 318 ለ1,321 ሲካፈል፣ በ5.51 ሲባዛ፣ 1.33። ልጁ «ዜሮ ረስተዋል» ያለው ቁጥር ከስልኩ ራሱ ወጣ።

ሜርኩሪና ቬነስ ጨረቃ የላቸውም። እነሱን በደንብ ለመመዘን አጠገባቸው የሚያልፍ ነገር መላክ ነበረበት። ማሪነር 2 በ1962 ቬነስን፣ ማሪነር 10 ደግሞ በ1974 ሜርኩሪን በቅርብ ርቀት ሲያልፉ ስበቱ መንገዳቸውን ምን ያህል እንዳጠፈው ከራዲዮ ምልክታቸው ተለካ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆየንም፣ ደወል ተደወለ።

ሐሙስ፣ ብረት ፍለጋ

አሁን ወደ እጅ ሥራው። የከበዱት አራቱ ናቸው የሚያስቸግሩት።

መጀመሪያ መሬትን በድንጋይ ብንሞላትስ አልን፤ የቆምንበት ድንጋይ አይደል። ግቢያችን ውስጥ የግንባታ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ባዛልት ነው፣ እፍግታው 3 ገደማ። ኳሱ አንድም ክፍተት ሳይኖረው ድፍን ባዛልት ቢሆን እንኳ 750 ግራም አካባቢ ነው የሚመጣው። የሚያስፈልገን 1,378። ግማሹን ትንሽ አልፎ ቀረ ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1798 ያገኘው ነገር ትርጉሙ ይሄው ነው። ሁለት ትልልቅ የእርሳስ ኳሶችን ከሁለት ትንንሽ ኳሶች አጠገብ አድርጎ፣ ትንንሾቹን በቀጭን ሽቦ ከተንጠለጠለ ዘንግ ጋር አስሮ፣ ትልልቆቹ ምን ያህል እንደሚስቧቸው በሩቅ መነጽር እያየ ለካ። ዛሬ ሰዉ የስበትን መጠን የለካ ሰው ይለዋል፤ እሱ ግን የጻፈው የመሬትን እፍግታ ለካሁ ብሎ ነው። 5.48 አገኘ። የዛሬው 5.51 ነው። ቤት ውስጥ በሽቦና በኳስ! ላይ ያለው ድንጋይ 3 የማይሞላ ሆኖ አማካዩ 5.5 ከመጣ፣ ከታች በጣም የከበደ ነገር መኖር አለበት። ብረት ነው።

እኛም ብረት ፍለጋ ወጣን። አንዱ አባት የድሮ መኪና ባትሪ እርሳስ ላምጣ ብለው ነበር፤ አመስግኜ እምቢ አልኩ። እርሳስ መርዝ ነው፣ ልጆች እጅ ላይ አይገባም። ሰፈር ያለ ጋራዥ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የሞተ ኩሽኔታ ይኖርዎታል? ውስጡ ያለውን ብይ ነው የምፈልገው።»

«ስንት ያህል?»

«አራት ኪሎ ቢሆን።»

«አራት ኪሎ? ምን ልትሠሪበት ነው ልጄ?»

«ፕላኔት።»

ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዛ ልጁን ጠርተው ጥግ ያለውን ክምር አሳዩት። የጎደለውን ከምናለሽ ተራ አሟላን። እዛ የማይገኝ ብረት የለም፣ ዋጋው ላይ ግን አፍ ማዋጣት ያስፈልጋል። ብዮቹ ግሪስ ስለነበራቸው በላምባ አጥበን፣ በኦሞ ደግመን፣ ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። ግሪስ ካለበት ሲሚንቶ አይዘውም።

አርብ ከሰዓት፣ መሬት ትንሽ ጎደለች

ኳሱ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ከፍተን በትልልቆቹ ብዮች ሞላነው። ክፍተቱን በቀጠነ ሲሚንቶ ዘጋነው። ሚዛን ላይ 1,300 ግራም እንኳ አልሞላም፤ የቬነስንም አልደረሰ። ከብረት በላይ ምን ይጨመራል?

ምንም አይጨመርም። የሚደረገው ማጨቅ ነው። ትልልቆቹ ብዮች መሃል ብዙ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ሌላ ኳስ ወስደን ትልልቆቹን ከትንንሾቹ ጋር ደባልቀን፣ እያራገፍን እያንቀጠቀጥን ስንሞላው ያው ብረት በያው ኳስ ውስጥ ብዙ ገባ። ከሲሚንቶው ጋር 1,400 አለፈ። ከዛ ጥቂት ብይ እየለቀምን አውጥተን 1,378 ላይ አቆምነው።

ሳላስበው ምርጡ ትምህርት እዚህ መጣ። እውነተኛዋ መሬትም የምታደርገው እሱን ነው። መሃሏ ላይ ያለው ግፊት እኛ ከምንኖርበት የአየር ግፊት ከ3.5 ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። እዚህ እጃችን ላይ ያለ ብረት እፍግታው 7.9 ገደማ ነው፤ መሃሏ ላይ ያለው አስኳል ግን፣ አብዛኛው ብረት ሆኖ፣ ወደ 13 ይደርሳል። አተሞቹ ተጨናንቀው ነው። ስለዚህ የመሬት 5.51 ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው፦ ከምን እንደተሠራችና በራሷ ክብደት ምን ያህል እንደተጨመቀች።

ሜርኩሪ ላይ ይሄ በደንብ ይታያል። በስፋት 4,879 ኪሎሜትር ብቻ ናት፣ ክብደቷ የመሬትን አንድ አሥራ ስምንተኛ ገደማ። ራሷን የምትጨምቅበት ብዙ ጉልበት የላትም። እንደዚያም ሆና 5.43 ናት! ጭመቃው ተቀንሶ ቢታሰብ መሬት ከ4.5 በታች ትወርዳለች፣ ሜርኩሪ ግን 5.3 አካባቢ ትቀራለች። ማለት፣ ከስምንቱ በብረት አንደኛዋ ትንሿ ሜርኩሪ ነች። ከ2011 እስከ 2015 የዞረቻት ሜሴንጀር የምትባል መንኮራኩር የላከችው መረጃ ሲታይ አስኳሏ ከመሃል እስከ ገጽ ካለው ርቀት 85 በመቶ ገደማውን ይይዛል። ድንጋዩ ላይ ላዩን ያለ ልባስ ነው። ለምን እንዲህ ሆነች የሚለው እስካሁን ያከራክራል። አንዱ ሐሳብ ጥንት ትልቅ ግጭት ደርሶባት ድንጋዩ ተገፎ ሄደ ይላል፤ ለልጆቹ የነገርኳቸው ይሄኛውን ነው፣ ግጭት ይወዳሉ።

ማርስ ቀለለች። ብይ ሰባት መቶ ግራም ገደማ፣ ቀሪው የአሸዋና ሲሚንቶ ቡኮ። ቬነስ እንደ መሬት ሆና ትንሽ ቀነስ ያለች። ስለ ቬነስ ብዙ የሚባል አለ፦ 460 ዲግሪ አልፎ የሚፈጅ ሙቀት፣ ከኛ 90 እጥፍ የሚበልጥ የአየር ግፊት፣ ከዓመቷ የሚረዝም ዙር፤ በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር 243 ቀን፣ ፀሐይን ለመዞር 225 ቀን። ኳሱን በእጅህ ስትይዘው ግን ከመሬት አትለያትም። ውስጣቸው እህትማማች ነው፣ የተለያየው ላያቸው ነው።

ቅዳሜ፣ ሳፋው

የቀለሉት አራቱ የአሸዋና የሰጋቱራ ሥራ ናቸው። ኔፕቱን ደረቅ አሸዋ ብቻ፣ እያንኳኳን ሞላነው፣ 410 ላይ ያለ ምንም ጣጣ መጣ። ጁፒተርና ዩራነስ አሸዋው ላይ ሰጋቱራ ተጨምሮ። ሳተርን ሰጋቱራው በዝቶ። አናጢ ቤት ሰጋቱራ በነጻ ነው፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ይዘን መጣን፣ አሁን የት እንደምናደርገው ጠፍቶናል።

የሳተርን ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አሸዋና ሰጋቱራ ደረቁን ከተቀላቀለ አሸዋው ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ይወርዳል፣ ከዛ ውሃ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ነው የሚቆመው። በእንጨት ኮላ ለውሰን ሞላነውና ተስተካከለ።

ሳፋ ውሃ ሞላን። ጁፒተር ሰጠመ። ዩራነስ ሰጠመ፣ ረጋ ብሎ። ሳተርን ብድግ ብሎ ወጣ፤ ሁለት ሦስተኛው ውሃ ውስጥ፣ የቀረው ከላይ። ጩኸት። ውሃ የሞላ ኳስ 250 ግራም ነው ያልኩት ለዚህ ነበር፤ ሳተርን 173 ነው።

ይሄ «ሳተርን ባህር ላይ ይንሳፈፋል» የሚባለው ወሬ በየቦታው አለ፣ እኔ ትንሽ ያናድደኛል። አማካዩ ከውሃ ይቀልላል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ሳተርን ልጥ ያለ ቆዳ ያለው ኳስ አይደለም፤ ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው፣ ላዩ ስስ፣ ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር እየታጨቀ ፈሳሽ የሚሆን፣ መሃሉም ከውሃ እጅግ የከበደ። ውሃ ላይ ቢቀመጥ ይዋሃዳል እንጂ አይንሳፈፍም። ክብም አይደለም። በ10 ሰዓት ተኩል ገደማ አንዴ ስለሚሽከረከር ወገቡ ተነፍቷል፦ በወገቡ 120,536 ኪሎሜትር፣ በዋልታዎቹ 108,728። አንድ ልጅ «ታዲያ ለምን አንረግጠውም?» አለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፣ ግን ኳሱን ልንሰብረው ስለሆነ ተውነው።

ከዛ «ጨው ብንጨምርስ ጁፒተር ይወጣል?» ተባለ። አይወጣም። ውሃ ጨው እስኪበቃው ቢጠጣ 1.2 ነው የሚደርሰው፣ ጁፒተር 1.33። «ማር ቢሆንስ?» ማር ግን ይሆናል፣ እፍግታው 1.4 ገደማ ነው። ጁፒተርም ዩራነስም ማር ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ኔፕቱን ይሰጥማል። በዛሬ የማር ዋጋ አንድ ሳፋ ማር የሚያመጣ ወላጅ ካለ ሙከራውን ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ዩራነስና ኔፕቱንን ልጆቹ በሁለት እጅ እየያዙ ሲያወዳድሩ ነበር። ሥዕል ላይ መንታ ናቸው፤ 51,118 እና 49,528 ኪሎሜትር ስፋት። እጅ ላይ ግን ኔፕቱን ወደ አንድ መቶ ግራም ይበልጣል። ትንሽ ያነሰው ነው የከበደው። ሁለቱም ከጁፒተርና ሳተርን ያነሰ ሃይድሮጅን፣ የበዛ የውሃ፣ የአሞኒያና የሚቴን ዝርያ አላቸው፤ ኔፕቱን ላይ የከበደው ነገር ድርሻ ትንሽ ከፍ ይላል።

ሰኞ፣ ግድግዳው

ኳሶቹ እኩል መሆናቸው ልጆቹን እንዳያሳስታቸው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ትክክለኛውን ስፋት አነጠብን። መሬት ይሄ ኳስ ከሆነች፣ ሜርኩሪ 3 ሴንቲሜትር፣ ማርስ ከ4 ትንሽ በለጥ፣ ዩራነስና ኔፕቱን 30 ገደማ፣ ሳተርን ወደ 74፣ ጁፒተር 87። ፀሐይ ስምንት ሜትር ተኩል ስለሆነች ክፍሉ አልበቃም፣ ከውጭ በኩል ግማሽ ክብ ብቻ አደረግናት።

ከእንግዲህ አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ ልጁ አይኑን ይሸፍናል፣ ሁለት ኳስ ይሰጠዋል፣ የቱ ብረት የቱ ጋዝ እንደሆነ ይናገራል፤ ከዛ ግድግዳው ላይ ቦታውን ይፈልጋል። ስም ያልጻፍነው ለዚህ ነው። ከታች በኩል በትንሹ ቁጥር ብቻ አለ።

የሚቀጥለው ዙር ጨረቃዎች ናቸው፣ ሒሳቡን ዛሬ ሠርተናል። የኛዋ 3.34፣ ማለትም 835 ግራም፤ ብረት ስለሚያንሳት ከመሬት ብዙ ትቀልላለች። ከዛ የጋሊሊዮ አራቱ፣ ከጁፒተር ባላቸው ርቀት ቅደም ተከተል፦ አዮ 3.53፣ ዩሮፓ 3.01፣ ጋኒሜድ 1.94፣ ካሊስቶ 1.83። ኳሶቹ 883፣ 753፣ 485 እና 458 ግራም ይሆናሉ። ከጁፒተር በራቅህ ቁጥር እየቀለለ ይሄዳል፤ ሲፈጠሩ ጁፒተር ራሱ ሞቃት ስለነበር ቅርብ ያሉት ላይ በረዶ ሊጠራቀም አልቻለም፣ ሩቆቹ ላይ ግን ተከማቸ። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ቁጥሮቹን አየችና ከላይ ወዳለው የፕላኔቶች ዝርዝር በጣቷ አመለከተች፣ «እዛም ቅርብ ያሉት ከባዶቹ ናቸው» ብላ። አዮና ዩሮፓ ብይና ሲሚንቶ ይፈልጋሉ፤ ካሊስቶ እንኳ ደረቅ አሸዋ ብቻ ከሆነው ኔፕቱን ስለምትከብድ፣ ሰጋቱራው እንደተረፈ ቀረ።